ሰበታ ላይ የተሸነፍነው በምንድን ነው?
(የቼዝ ክለቡ ሰብሳቢ ለአባላትና ለወላጆች ያደረጉት ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ተጫዋቾቻችን፣ የየካ አባዶ ጎረቤቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እሑድ ዕለት ሰበታ ሄደን በአራት ቦርድ የቼዝ ግጥሚያ 3 ለ 1 ተሸንፈናል። ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያም በአለም ገና በኩል ታክሲ እየቀያየሩ መድረስ ልጆቹን አድክሟል። ሽንፈታችንን ግን በመንገዱ አላሳብብም። አስተናጋጆቻችን በክብር ተቀብለውናል፤ ዳኝነቱም እንከን አልነበረውም።

አንደኛው ቦርድ ላይ የገጠመን ተጫዋች በልጦናል። ሦስተኛውን አሸንፈናል። የሚያንገበግበኝ የሁለተኛውና የአራተኛው ነገር ነው።

በሁለተኛው ቦርድ ከንጉሦቹ ሌላ ለሁለቱም አንድ አንድ ሩክ (ግንብ የሚመስለው መጫወቻ) ቀርቷቸው፣ ባላጋራው በአንድ ወታደር ይበልጥ ነበር። ይህ በአቻ የሚያልቅ ጨዋታ ነው። ፈረንሳዊው ፊሊዶር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መከላከያውን አሳይቷል፦ ንጉሥህን ከባላጋራህ ወታደር ፊት ታቆማለህ፤ ሩክህ ከአንተ በኩል ሲቆጠር ሦስተኛው አግድም መስመር ላይ ሆኖ የባላጋራህን ንጉሥ ያግዳል። ወታደሩ ራሱ ወደዚያ መስመር ሲገባ፣ ያን ጊዜ ሩክህን ወደ ሩቁ ጫፍ ልከህ ንጉሡን ከኋላ ቼክ በቼክ ታደርገዋለህ፤ ማለትም ደጋግመህ ታስፈራራዋለህ። ልጁ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ለታናናሾቹ ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። ሰበታ ላይ ግን ሰዓቱ ሊያልቅበት ደርሶ ነበር። ወታደሩ ገና ሳይገፋ ሩኩን ለቼክ ላከው። መስመሩ ተከፈተ፣ ንጉሡ ገባ፣ በዚያው አለቀ።

በአራተኛው ቦርድ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጣ ነበር። ስለዚህ ልጃችን አቻ የመጠየቅ መብት ነበራት። ደንቡ ግን የምትጫወተውን እርምጃ በምትመዘግብበት ወረቀቷ ላይ ጽፋ፣ ሳትጫወት፣ ሰዓቱን አቁማ ለዳኛው እንድትናገር ይጠይቃል። እሷ ተጫውታ፣ ሰዓቷን ተጭና፣ ከዚያ እጇን አወጣች። ዳኛው አልተቀበሏትም፤ ትክክል ነበሩ። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ያንን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ አንድ በአንድ ስትከተል ነበር። ወላጆች፣ እባካችሁ እንዲህ ያለውን ልጅ «ለምን ተሸነፍክ?» ብላችሁ አትቆጡ።

ሁለቱ አቻ ቢወጡ 2 ለ 2 ነበርን። ሁለቱም የጠፉት ልጆቹ ሳያውቁ ቀርተው ሳይሆን፣ የሚያውቁትን በድካምና በሰዓት ግፊት ውስጥ ስላልለመዱት ነው።

አባቶቻችን ሰንጠረዥ፣ የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ፣ ሲጫወቱ መጀመሪያው ወረራ ነበር፤ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ። ምስጋናው የሚመጣው ከአጨራረሱ ነበር። በፈረስ መጨረስ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በትንሹ ወታደር ንጉሡን መያዝ ግን ያስወድሳል። እኛ ልጆቻችንን የምናስጠናው አብዛኛውን ጊዜ አጀማመር ነው፤ ይህ መለወጥ አለበት።

ስለዚህ እስከ መልሱ ጨዋታ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሠራው አጨራረስ ብቻ ይሆናል፤ በሰዓት፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየጻፉ፣ ደክሟቸውም ቢሆን። ያሉን ሰዓቶች ለሁሉም አይበቁም፤ ስልክ ያላችሁ ወላጆች የቼዝ ሰዓት ጭናችሁ ለልጆቹ አውሷቸው። ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት እዚህ ይቆያሉ፤ ቀድማችሁ አትውሰዱብን። ሩቅ ሰፈር ያሉትን ማታ ማን እንደሚያደርሳቸው አሁን፣ ከዚህ ሳንነሳ፣ እንነጋገር።