ኤአይ ለመካኒካል መሐንዲስ፦ ከፍታውን ንገሩት

[ምስል፦ ካዛንቺስ፣ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ የፓምፕ ክፍል]

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ ኤአይን የምንፈትነው እዚህ ፓምፕ ክፍል ውስጥ ነው። ፓምፑ ከታንከሩ በላይ ተተክሏል፤ ውሃውን ከ4 ሜትር ጥልቀት ስቦ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋል። ያለ ችግር ይስባል ወይ?

ቻትቦቱን ብትጠይቁት የመሳቢያውን ቀመር አስተካክሎ ይጽፍላችኋል። ቦታውን ካልነገራችሁት ግን ብዙ ጊዜ ከባሕር ወለል ይነሳል፤ ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋውን የአየር ግፊት 10.3 ሜትር የውሃ ቁመት ብሎ ይይዛል። ከዚህ ላይ 4 ለመሳቢያው፣ 0.8 ለቧንቧው ሰበቃ፣ 0.2 ለእንፋሎት ግፊት ሲቀነስ 5.3 ይቀራል። የፓምፑ ካታሎግ ቢያንስ 3.5 ሜትር እንዲተርፍ ይጠይቃል እንበል። «ይሠራል» ይላችኋል።

[ምስል፦ ስሌቱ በስክሪን ላይ]

አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚህ ወደ 7.8 ይወርዳል፤ ያንኑ ስትቀንሱ የሚተርፈው 2.8 ብቻ ነው፣ ከ3.5 በታች። ውሃው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ሲከስም ኢምፔለሩን፣ ማለትም ውስጡ የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ ይቦረቡረዋል። ካቪቴሽን ይሉታል፤ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስለው ድምፅ የሱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ቦታው አዲስ አበባ፣ ከፍታው 2,350 ሜትር፣ የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ። የወሰድከውን ግምት ሁሉ ዘርዝር፤ ስሌቱን በፓይተን ኮድ ሥራ።» ኮዱ በእጃችሁ ከገባ ቁጥር መቀያየር ቀላል ነው። ፓምፑን ዝቅ አድርጋችሁ መሳቢያውን 3 ሜትር ብታደርጉት 3.8 ይሆናል፤ ያልፋል፣ ግን ጠባብ ነው። በ2 ሜትር 4.8 ይመጣል፤ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ጄኔሬተርና ፋን ስትመርጡም ከፍታውን አትርሱ፣ አየሩ ስስ ነው።

ቅርጽ ራሱ የሚያመነጭ የዲዛይን ሶፍትዌርም አለ። ድንቅ ነው፤ የሚያወጣው ቅርጽ ግን ብዙ ጊዜ በተራ ቶርኖ አይወጣምና ለብዙዎቻችን ገና ነው።

[ምስል፦ ከሞተር የተፈታ ኩሽኔታ፣ በቅርበት]

ጥገና ላይ ግን ዛሬውኑ ይጠቅማል። ኩሽኔታውን ፎቶ አንሱና ቁጥሩን አስነብቡት። 6205 ከሆነ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። 6305ም ውስጡ 25 ነው፣ ውጩ ግን 62። ዝገት ያደበዘዘውን 2 እንደ 3 አንብቦ በሙሉ ልብ ሊመልስላችሁ ይችላል። ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት ካሊፐር አውጡና ውጩን ለኩ።