የሞሪያሱ እረፍት ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ሀጂሜ ሞሪያሱ ላወራ ነው፤ የጃፓን ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ሜዳ ዳር ቆሞ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ የምታውቁት ሰውዬ። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው።

ሰውየውን ለማወቅ እረፍት ሰዓቱን ማየት ይበቃል ባይ ነኝ። 2022፣ የኳታር ዓለም ዋንጫ፣ ከጀርመን ጋር። በመጀመሪያው አጋማሽ ጀርመናዊው ሙሲያላ ወደ መሐል እየገባ የጃፓኑን ቀኝ ተከላካይ ሳካይን ይዞት ይሄዳል፤ መስመሩ ላይ የቡድን ጓደኛው ራውም ብቻውን ይቀራል። ኪሚሽ አይቶ ኳሷን ጣለለት፣ የጃፓኑ ግብ ጠባቂ ጎንዳ ጠለፈው፣ ጉንዶጋን ከፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ሞሪያሱ ከእረፍት መልስ ኩቦን አስወጥቶ ቶሚያሱን አስገባ። እየተመራ፣ ተከላካይ! ግን ከኋላ ሦስት ሲሆኑ ሳካይ ወደ ፊት ወጥቶ ራውምን መያዝ ቻለ፤ ቀዳዳው ተደፈነ። አጥቂዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ57ኛው ደቂቃ በናጋቶሞ ቦታ ሚቶማ፣ ከፊት አሳኖ፣ ቀጥሎ ዶአንና ሚናሚኖ። 75ኛው ላይ ሚቶማ አቀበለ፣ ሚናሚኖ መታ፣ የጀርመኑ ግብ ጠባቂ ኖየር ሲመልሳት ዶአን አገባት። ሦስቱም ከተጠባባቂ ወንበር የተነሱ ናቸው። በ83ኛው አሳኖ ጨረሰው።

ይሄ የሦስት ተከላካይ ነገር ድንገት የመጣለት አይደለም። የጃፓኑን ክለብ ሂሮሺማን በ2012 ሲረከብ ከቀድሞው አሠልጣኝ ከፔትሮቪች የወረሰው አሰላለፍ ነው፤ አላፈረሰውም፣ መከላከሉን አጠበቀው እንጂ። በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ አነሳ፣ 2013 ደገመ፣ 2015 ሠለሰ።

በተጫዋችነቱ ኮከብ አልነበረም። ናጋሳኪ አድጎ በ1987 ማዝዳ የተባለው ክለብ ገባ። ሆላንዳዊው አሠልጣኝ ሃንስ ኦፍት በ1992 ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራው ብዙ ደጋፊ ስሙን እንኳ አያውቀውም። ሥራው ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ኳስ መንጠቅና በአጭር ማቀበል ነበር፤ 35 ጨዋታ፣ 1 ጎል። ጥቅምት 1993 ዶሃ ላይ ጃፓን ኢራቅን 2 ለ 1 እየመራች፣ የመጀመሪያ ዓለም ዋንጫዋ ደጃፍ ደርሳ፣ በጭማሪው ሰዓት ኢራቆች የማዕዘን ምት አገኙ። በአጭር ጀመሩት። ጃፓኖቹ ሳጥን ውስጥ ሆነው ረዥሙን ሲጠብቁ ያልተዘጋጁበት መጣ፤ ተሻማ፣ በጭንቅላት ተገጨ፣ 2 ለ 2፤ ዓለም ዋንጫው አመለጠ። ሞሪያሱ ሜዳ ውስጥ ነበር።

ዘዴው የማይሠራበት ቦታም አለ። ጀርመንን ባሸነፈ በ4ኛው ቀን አምስት ተጫዋች ለውጦ ኮስታሪካን ገጠመ። ኮስታሪካ ኳሱን ትታለት ከኋላ ተጠቀጠቀች፤ ሚቶማ የሚሮጥበት ክፍት ሜዳ ጠፋ። በ81ኛው ደቂቃ ዮሺዳ አጥርቶ ያላወጣት ኳስ ፉለር ጋ ደረሰች፣ 1 ለ 0። ስፔን ደግሞ ኳሱን ስትይዝበት ተመቸው፤ 18 በመቶ በማይሞላ የኳስ ቁጥጥር 2 ለ 1 ረታት።

አንድ የማልዋጥለት ነገር አለ፤ በዚያው በኳታር ዓለም ዋንጫ ከክሮኤሺያ ጋር የነበረው መለያ ምት። ማን ይመታል ብሎ ፈቃደኛ ጠየቀ። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኒውዚላንድ ላይ ሠርቶለታል፣ እሺ። ግን ከ120 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ የሚመታ ልጅ ከልቡ ድፍረት እንጂ ከእግሩ ብቃት አይነሳም። ሚናሚኖ፣ ሚቶማ፣ ዮሺዳ፤ ሦስቱንም የክሮኤሺያው ግብ ጠባቂ ሊቫኮቪች መለሰባቸው። ያን ሁሉ ደብተር የሚጽፍ ሰው አምስት ስም በተራ ቢጽፍ ምን ነበረበት?