ዕጢው ውስጥ ቫይረስ ተገኘ ሲባል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ ክንዷ ላይ የወጣው እብጠት ተቆርጦ ተመረመረ። መርክል ሴል ካርሲኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው ተባልን። ውጤቱ ላይ ደግሞ «ቫይረስ በፒሲአር፦ ፖዘቲቭ» ይላል። ካንሰሩን ያመጣው ቫይረሱ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ እናትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ሳይሆን አይቀርም፤ ግን በዚያች አንዲት ቃል ብቻ አልምልም። ይህ ቫይረስ መርክል ሴል ፖሊዮማ ቫይረስ ይባላል፤ የብዙ ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ይገኛል፤ ምንም ሳያደርገን አብሮን ይኖራል። ፒሲአር ደግሞ ትንሽ የቫይረስ ዲኤንኤ ካገኘ አባዝቶ ያሳያል። ስለዚህ ላቦራቶሪውን «ምን ያህል ተገኘ?» ብለው ይጠይቁ። መጠን በሚለካው ፒሲአር ለእያንዳንዱ የዕጢ ሴል አንድ ወይም ከዚያ በላይ የቫይረስ ቅጂ ከተገኘ ነገሩ የምር ነው። ለብዙ መቶ ሴሎች አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ግን ቫይረሱ መንገደኛ ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ቫይረስ እንዳለበት በምን ታወቀ?

መልስ፦ በመቀነስ! እ.ኤ.አ. በ2008 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የዩዋን ቻንግና የፓትሪክ ሙር ቡድን የዕጢውን አርኤንኤ (ሥራ ላይ ያሉ ጂኖች ቅጂ) አነበበ። ከዚያ የሰው የሆነውን ሁሉ በኮምፒውተር አወጣ። ከተረፈው ውስጥ የማይታወቅ ቫይረስ ተገኘ። ከመረመሯቸው 10 ዕጢዎች 8ቱ ውስጥ ነበረ። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነው። የቫይረሱ ዲኤንኤ የሰው ክሮሞዞም ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። በአንድ ታካሚ ላይ፣ በዋናው ዕጢም ወደ ሌላ ቦታ በተሰራጨውም፣ የተሰካበት ቦታ አንድ ነበር። ስለዚህ ቫይረሱ የገባው ዕጢው ከማደጉ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንድ ናሙና በአንቲቦዲ ማቅለሚያ (የቫይረሱን ፕሮቲን ፈልጎ በሚያቀልመው ምርመራ) ፖዘቲቭ፣ በፒሲአር ደግሞ ኔጌቲቭ ወጣብኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ መጀመሪያ ፕራይመርህ፣ ማለትም ፒሲአሩ ማባዛት የሚጀምርበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ የት እንደሚያርፍ እይ። ዕጢ ውስጥ ያለው ቫይረስ ጤነኛ አይደለም፤ ላርጅ ቲ የሚባለው ፕሮቲኑ ጭራው ተቆርጧል። በዚህ ምክንያት ራሱን ማባዛት አይችልም፤ ሴሉን ወደ ካንሰር የሚገፋው ክፍል ግን አለ። አንዳንድ ዕጢ ላይ የጭራው ዲኤንኤ ራሱ ጠፍቷል። ፕራይመሩ እዚያ ካረፈ ባዶ ታያለህ። ሲኤም2ቢ4 የተባለው አንቲቦዲ ግን የፕሮቲኑን የፊት ክፍል ስለሚይዝ መቆረጡ አያግደውም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፎርማሊን ነው። ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ በፓራፊን የታሸገ ናሙና ዲኤንኤው ይቆራረጣል። ረጅም ቁራጭ የሚፈልግ ፒሲአር እዚህ አይሠራም፤ አጭር አድርገው። የሰው ጂንም አብረህ አባዛ። እሱም ካልወጣ ናሙናው ነው የሞተው፤ ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

ማይክሮስኮፑ ላይ ደግሞ ቀለሙ የት እንዳረፈ ተመልከት። የዕጢው ሴሎች ኒውክለስ ቡናማ ሆኖ፣ አጠገባቸው ያሉት ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሴሎች) ሳይቀለሙ ከቀሩ እኔ አምነዋለሁ። ፒሲአር ይህን አያሳይህም፤ ቲሹው ተፈጭቶ ነው የሚገባው። ቀለሙ ደብዘዝ ካለ ግን ሁለቱንም ድገም።

ጥያቄ፦ የቫይረሱ ውጤት ኔጌቲቭ ከሆነ «መርክል ሴል ካርሲኖማ ነው» የተባለው ምርመራ ተሳስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከእነዚህ ዕጢዎች ወደ 20 በመቶ ገደማ ቫይረስ የላቸውም። አብዛኞቹ የፀሐይ ጨረር ያደረሰባቸው የጂን ጉዳት ሞልቶባቸዋል። ካንሰሩ የሚለየውም በቫይረሱ ሳይሆን በሴሎቹ መልክና እንደ ሲኬ20 ባሉ ማቅለሚያዎች ነው።

ጥያቄ፦ ቫይረሱ በደም ምርመራ አይታወቅም?

መልስ፦ ደም ውስጥ የሚፈለገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው አንቲቦዲ ነው፤ የትኛው እንደሚፈለግ ይወስነዋል። በቫይረሱ ቅርፊት ላይ የሚሠራው አንቲቦዲ አብዛኛው አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ስላለ ብዙ አይነግረንም። እንደ ላርጅ ቲ ባሉት የቫይረሱ ቲ ፕሮቲኖች ላይ የሚሠራው ግን ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ዕጢው ሲወጣ ይወርዳል፤ ካንሰሩ ሲመለስ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደም ሕክምናው እንደተጀመረ ሰሞን ቢወሰድ ጥሩ ነው፤ ያለ እሱ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር ከምን ጋር እናወዳድረዋለን?