ልጆቹን ትከሻቸው ይምረጣቸው

የተከበራችሁ የጭፈራ ክበባችን ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እናንተም መድረኩ ጥግ የተደረደራችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው ዛሬ የጠራኝ ስለ ልብስ እንድናገር ነው። አምና ለሰፋኋቸው ቀሚሶችና ቁምጣዎች ምስጋና ሊሰጠኝ ፈልጎ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጨርቁ ያዋጣችሁ፣ ጥልፉን አብራችሁኝ ያመሻችሁ እናቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። ዘንድሮም እሰፋለሁ። የልብሱ ነገር ይኸው ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድር ከ23ቱ ልጆቻችን 8ቱ ይሄዳሉ። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቧል አሉ። የእያንዳንዱ ልጅ ጭፈራ በስልክ ይቀረጽ፣ ፌስቡክ ላይ ይለቀቅ፣ ብዙ ላይክ ያገኙት ስምንቱ ይሂዱ ተብሏል። እኔ ለቅሶ ስለነበረብኝ አልተገኘሁም። ማታ ሲነግሩኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ይህን ጻፍኩ።

ሱቄ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ከሲንጀሬ አጠገብ ስልኬ ቆሞ ዳንስ ይታይበታል። ያስለመደችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ለገና ከአሜሪካ መጥታ አንድ ማታ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተውኩትም። መብራት ሲጠፋ እንኳ ቻርጅ እስኪያልቅ አያለሁ።

የማየው የውጭ አገር የቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር ነው። ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ዝነኛ ሰው ያመጣሉ። ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ ስፖርተኛ፣ ጋዜጠኛ ይሆናል። አብዛኛው ዳንስ አያውቅም። ከአንድ ባለሙያ ዳንሰኛ ጋር ያጣምሩታል። በየሳምንቱ አዲስ ዳንስ ተምሮ ሕዝብ ፊት ይቆማል። ዳኞቹ ከ10 ነጥብ ይሰጡታል። ተመልካቹም ድምፅ ይሰጣል። እንግሊዞች በቢቢሲ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ «ስትሪክትሊ ካም ዳንሲንግ» ይሉታል። በዓመቱ አሜሪካኖቹ በኤቢሲ ቴሌቪዥን «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» ብለው ጀመሩ። የአሜሪካኖቹ ዋንጫ በመስታወት ስብርባሪ የተለበጠ ኳስ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ቤቱን ሁሉ ይረጨዋል።

ሌን ጉድማን የሚባል ዳኛ ነበራቸው። በሁለቱም አገር ዳኝቷል። ራሱ ሲደንስ የኖረ፣ ዳንስ ያስተማረ ሽማግሌ ነው። አዳራሹ በጩኸት ሲናወጥ እሱ እግር እግር ያያል። አቋም ያያል። ያየውን ይናገራል። ሰው ይጮህበታል፣ እሱ ግን ከቃሉ ንቅንቅ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲሞት ቤተ ዘመዴ የሞተ ያህል አልቅሻለሁ። አሜሪካኖቹም ዋንጫውን በስሙ ሰየሙት። ለምን እንዳለቀስኩ ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጆቻችንን ይዘን ወደ አንድ ውድድር ሄድን። የት እንደሆነ አልናገርም፣ አብረን የሄድን እናውቀዋለን። ገና ሳይነጋ መኪና ተሳፈርን። ልብሶቹ እንዳይጨማደዱ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ ታቅፌ ሄድኩ። ከልጆቹ አንዷ ከከተማ ወጣ ካለ ቀበሌ የምትመጣ ናት። አባቷ ገበሬ ነው። ለልምምድ ስትመጣ አንድ ሰዓት በእግሯ ትመጣለች፣ አንድ ሰዓት ትመለሳለች። አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ክረምት ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ ትመጣና እግሯን ታጥባ ትሰለፋለች።

ያን ቀን ስትጨፍር ያያት ሰው ይመስክር። ጮቄ ላይ ንፋስ የገብስ ማሳ ሲያወዛውዝ አይታችኋል? ከዚህ ጫፍ ይነሣና ማሳውን አዳርሶ እዚያኛው ጫፍ ይወጣል። ትከሻዋ እንዲያ ነበር። ከቀኝ ተነሥቶ ደረቷን አዳርሶ በግራ ይወጣል። ፊቷ ግን ጸጥ ያለ ውሃ። ማሲንቆ መቺው ሳይቀር ቀና ብሎ አያት። አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው እናት ነጠላቸውን ጥለው ተነሡና እልል አሉ።

ውጤቱ የሚለየው ግን በስልክ መልእክት ነው ተባለ። የላከ ይቆጠራል፣ ያልላከ አይቆጠርም። ከአዳራሹ ውጭ አንድ ሰውዬ የሞባይል ካርድ በእፍኝ ይዞ እየፋቀ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ። የአንዱ ተወዳዳሪ አጎት ነው አሉ። አልፈርድበትም፣ ለልጁ ብሎ ነው። ግን የእኛዋ ልጅ ማን አላት? ሰፈራቸው ቢሰበሰብ አምስት ስልክ አይወጣውም። ያለውም ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣት አለበት።

መጨረሻ ወጣች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ብዙ መንገድ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላት? ትከሻሽ ነው እንዳልላት ትከሻዋ ነውር የለበትም። ምት አልጠበቅሽም እንዳልላት ከበሮውን አንዴ አልሳተችም። አጎት ስለሌለሽ ነው ልበላት? ዝም አልኩ። መስኮቱን እያየሁ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጣችም። ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለችም።

ጉድማንን የምወደው ለዚህ ነው። ዳኛ ሲጥልህ ስህተትህን በእጅህ ይሰጥሃል። እግርህ እዚህ ጋ ዘገየ፣ አንገትህ ደነደነ ይልሃል። ይመራል፣ ያስለቅሳል። ግን ይዘኸው ቤትህ ትገባለህ፣ ትሠራበታለህ፣ በዓመቱ ትመለሳለህ። ስልክ ሲጥልህ ምን ይዘህ ትገባለህ? ምንም! ባዶ እጅህን ትገባለህ።

ይህን ደግሞ ከእንግሊዝ መማር አያስፈልገንም ነበር። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሯል። አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየተጋደለ፣ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ሰው ነው። ማታ ማታ እሳት ዳር ያወራን ነበር። ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል። ሲነጋ ቅኔውን መምህሩ ፊት ይቆጥራል። የኔታ ያዳምጣሉ። ቤት ካልመታ ቤት አልመታም ይላሉ። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ እዚያው ያርማሉ። የባላባት ልጅ ሆነ የድኻ ልጅ፣ እርማቱ አንድ ነው። ያማረለት «ይበል!» ይባላል። አባቴ አንድ ቀን «ይበል» የተባለባትን ቅኔ እስኪሞት ድረስ በቃሉ ይላት ነበር። እንግዲህ የጎጃም ሰው ነን። ሊቅ በሊቅ ሲዳኝ የኖረበት አገር ላይ ነው የተወለድነው። ልጆቻችንን በላይክ ልንመዝን?

አሜሪካኖቹ የደረሰባቸውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቦቢ ቦንስ የሚባል የሬዲዮ ሰው ተወዳደረ። ደስ የሚል ሰው ነው፣ ይስቃል፣ ይዘላል። የሬዲዮ አድማጩ ብዙ ነው። በዚያው ዙር ሁዋን ፓብሎ ዲ ፓቼ የሚባል ተዋናይ ነበረ። ሲደንስ መርፌዬን አቁሜ ነበር የማየው። ለፍጻሜ አንድ ሳምንት ሲቀረው ዳኞቹ ሙሉ ነጥብ ሰጡት። እዚያው ማታ ተሰናበተ! ሙሉ ነጥብ ይዞ ወደ ቤቱ! በፍጻሜው ደግሞ ዋንጫውን ቦቢ ቦንስ ወሰደው። በዳኞቹ ነጥብ ካየን ከቀሩት ሁሉ ዝቅ ያለው እሱ ነበር።

ሰውዬውን አልወቅሰውም። ሥርዓቱን ነው የምወቅሰው። ባለቤቶቹም ገብቷቸዋል መሰለኝ በዓመቱ ሕግ ቀየሩ። ዝቅተኛ ውጤት ያገኙ ሁለት ጥንዶች ይቀርቡ ነበር፣ ማን ይቅር ማን ይሂድ የሚለውን ዳኞቹ ይለዩ ነበር። እነሱ የወደቁበትን እኛ ዛሬ አዲስ ነገር ብለን ልንጀምር ነው።

ጆን ሰርጀንትን ደግሞ አልረሳውም። የእንግሊዝ የፖለቲካ ጋዜጠኛ ነው፣ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ሰውነቱ ከበድ ያለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተወዳደረ። ዳንሱ ዳንስ አይባልም። አንዴ አጣማሪውን እጇን ይዞ ወለሉ ላይ እየጎተተ ዞረ። ሕዝቡ ግን ወደደው። ዳኞቹ ይጥሉታል፣ ሕዝቡ ያነሣዋል። በየሳምንቱ ከእሱ የተሻሉ እየወጡ እሱ ቀረ። መጨረሻ ላይ ራሱ በፈቃዱ ወጣ። ላሸንፍ እችላለሁ፣ ያ ከሆነ ቀልዱ መጠን ያልፋል ነው ያለው። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው! ሕዝብ የሰጠውን ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። ከእሱ በላይ የሚደንሱ እንዳሉ ስላወቀ ቦታውን ለቀቀ።

አንዳንዶቻችሁ የሕዝብ ድምፅስ ምን በደለ ትሉኛላችሁ። አልበደለም። ሕዝብ አይቶ ሲፈርድ እንዴት እንደሚያምር እኔ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዞቹን ዋንጫ ያነሣችው ሮዝ አይሊንግ ኤሊስ ናት። መስማት የተሳናት ተዋናይ ናት። አንድ ማታ ዳንሱ መሃል ሙዚቃው ቆመ። ጸጥ አለ። እሷና አጣማሪዋ ግን ምቱን ሳይስቱ ቀጠሉ። እሷ በምን ዓይነት ጸጥታ ውስጥ እንደምትደንስ አዳራሹ ሁሉ ቀመሰው። በ2024 ደግሞ ክሪስ ማክኮስላንድ አሸነፈ። ዓይነ ስውር ነው። አይቶ መቅዳት አይችልም። አስተማሪው ዳያን በዝዌል በቃልና በእጅ እየነካች አስተማረችው። ሲያሸንፍ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እልል ብዬ ጎረቤት ደንግጦ መጣ።

እነዚህን ያነገሠ ሕዝብ ነው። ግን ያ ሕዝብ ለወራት ተቀምጦ አይቷል። ዳኞቹ ሲያርሙ ሰምቷል፣ ሰዎቹ ሲታረሙ አይቷል። የእኛ ላይክ ማን ነው? ዱባይ ያለች የአክስት ልጅ ናት። ቪዲዮውን ሳይከፍት የሚጫን ነው። ሃያ ቡድን ውስጥ ለጥፎ «ለወንድሜ ላይክ አድርጉልኝ» የሚል ነው። ዘመድ የበዛለት ያልፋል፣ ዘመድ ያነሰው ይቀራል። ይህ ውድድር ነው? ይህ የዘመድ ቆጠራ ነው! ለዚህ ከሆነ ለምን ያለማምዷቸዋል? ለምን ቅዳሜና እሑድ ላብ በላብ ይሆናሉ? ቤት ቁጭ ብለው ስልክ ቁጥር ይሰብስቡ!

ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ አለ። ግን ያችን ልጅ መኪና ውስጥ ያየ ሰው ዝም አይልም። ሁለተኛ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት» ብሎ የሚጠይቀኝን ልጅ መልስ አጥቼ መስኮት ማየት አልፈልግም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ሦስት ዳኛ ይቀመጥ። አንዱ ዕድሜ ልኩን ማሲንቆ የመታ፣ ምት የሚያውቅ ሰው ይሁን። አንዱ እስክስታ የሚያስተምር ይሁን፣ ከሌላ ከተማ ቢመጣ እመርጣለሁ፤ የማንም አጎት እንዳይሆን። ሦስተኛውን ኮሚቴው ይምረጥ። 23ቱም እዚህ መድረክ ላይ፣ እኛ ባለንበት ይጨፍሩ። ያለፈም የወደቀም ልጅ ለምን እንደሆነ በአንደበት ይነገረው። ወላጅ ድምፅ ይኑረው ካላችሁ ይኑረው፤ አዳራሽ ገብቶ ሁሉንም ያየ ሰው እጁን ያውጣ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ሌላም ሁለት ነገር ነበረኝ። አሰልጣኛችን ስሙ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይጻፍ። አምና አልተጻፈም። እዚያ አገር አስተማሪው ከዝነኛው እኩል ዋንጫ ያነሣል። ሁለተኛው የከበሮው ነገር ነው፣ ቆዳው ላልቷል፣ ይታደስ።

ልብሱን በተመለከተ ጨርቁ ተገዝቷል። ጥልፉም ተጀምሯል። መቀስ ግን አላነሣሁም፣ ምክንያቱም የማንን ልክ እንደምወስድ አላውቅም። ልኩን የምወስደው ዳኞች ከለዩዋቸው ልጆች ነው። ስማቸው በተነገረ ማግስት ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ። ስምንቱንም በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ።

አመሰግናለሁ።