አያዋስካ፦ ከጽዋው በፊት ያለው ፎርም

(ምስል፦ ከአውሮፕላን መስኮት ጫካ፣ በመሃሉ የሚጠማዘዝ ቡናማ ወንዝ)

ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ ተነስታችሁ ለ2 ሰዓት ገደማ ትበራላችሁ። ወደ መጨረሻው ላይ ከታች የሚታየው ጫካና ውሃ ብቻ ነው። የምታርፉት ኢኪቶስ ነው፤ የፔሩ አማዞን ትልቁ ከተማ። ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ጋር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ የለውም። ወይ በአየር ትገባላችሁ፣ ወይ ቀናት ፈጅታችሁ በጀልባ። ከተማው ውስጥ ግን የባለሦስት እግር ሞተር ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። የአዳማን ባጃጅ የለመደ ሰው ብዙም አይደነግጥም።

እዚህ አያዋስካ የሚባለውን ራእይ የሚያሳይ መጠጥ ፈልጎ የሚመጣው የውጭ ሰው ብዙ ነው። አራት ቀን፣ ሲበዛ ሳምንት ጫካ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ወይ ሦስት ሌሊት ይጠጣል። ከዚያ ይመለሳል።

ወሬው ሁሉ ስለዚያ ሌሊት ነው። ምን ታየህ? ምን ተሰማሽ? እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው ግን ስለ አንድ ወረቀት ነው። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ጫካ ውስጥ ለምትቀመጡበት ካምፕ መሙላት ስላለባችሁ የጤና ፎርም። ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት መጀመሪያ ድስቱን እንየው።

(ምስል፦ በእንጨት መዶሻ የሚቀጠቀጥ ሐረግ፤ እሳት ላይ የተጣደ ትልቅ ድስት)

መጠጡ ስሙን ያገኘው ከሚሠራበት ሐረግ ነው፤ ሐረጉ ራሱ እንደ ገመድ የተገመደ ነው። በኬቹዋ ቋንቋ «አያ» ነፍስ ወይም ሙት ማለት ነው፣ «ዋስካ» ደግሞ ገመድ። ሐረጉ ይቀጠቀጥና ድስት ውስጥ ይነጠፋል። በላዩ ቅጠል ይደረባል፤ ብዙውን ጊዜ ቻክሩና የሚባል ቁጥቋጦ ቅጠል። ቡናም የዚያው የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ነው፤ ዘመድ መሆናቸው ነው። እንደገና ሐረግ፣ እንደገና ቅጠል። ውሃ ይሞላበትና ለረጅም ሰዓት ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ እስኪሆን ደግሞ ይፈላል።

ቅጠሉ ውስጥ ዲኤምቲ አለ፤ ራእይ የሚያሳየው እሱ ነው። ግን ቅጠሉን ብቻ አፍልታችሁ ብትጠጡ ይህ ነው የሚባል ነገር አይታያችሁም። አንጀታችንና ጉበታችን ውስጥ ኤምኤኦ የሚባል ኢንዛይም አለ። እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። ዲኤምቲ በሩ ላይ ሲደርስ ይይዘውና ይሰባብረዋል። ሐረጉ ውስጥ ያሉት ሃርሚንና ሃርማሊን ደግሞ ዘበኛውን ያስተኙታል። ያኔ ዲኤምቲ ዘና ብሎ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይገባል።

ስንት ሺህ ዓይነት ተክል ባለበት ጫካ እነዚህን ሁለቱን ማን አገናኛቸው? የአካባቢውን ባህላዊ ሐኪሞች ብትጠይቁ ዕፅዋቱ ራሳቸው ነገሩን የሚሏችሁ አሉ። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

እንግዲህ ዘበኛው ተኝቷል። ችግሩ፣ የሚጠብቀው ከዲኤምቲ ብቻ አለመሆኑ ነው።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ፎርም፣ እስክሪብቶ፣ የክኒን ማሸጊያ)

የፎርሙ ትልቁ ጥያቄ፦ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ? ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊንን የመሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ከፍ ያደርጋሉ። ሴሮቶኒንን የሚያፈርሰውም ያው ዘበኛ ነው። እሱ ተኝቶ መድኃኒቱም ሥራ ላይ ከሆነ ሴሮቶኒን ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ይመጣል፤ ሲብስ ይገድላል። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻና አንዳንድ የሳል ሽሮፖችም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

«እሺ፣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አቆማለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ፍሉኦክሴቲን ካቆማችሁት በኋላ እንኳ 5 ሳምንት ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል። የድብርት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ያንን ከሐኪማችሁ ጋር ነው የምትነጋገሩት።

ጫትም አለ። ፎርሙ ላይ በስሙ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ካምፑን የሚመሩት ሰዎች ሰምተውትም አያውቁ ይሆናል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን የአምፌታሚን፣ የኃይለኛው አነቃቂ፣ ዘመድ ነው። ዘበኛው በተኛበት ሰዓት ሰውነት ውስጥ ከተገኘ የደም ግፊትን ክፉኛ ሊያንረው ይችላል። ስለዚህ «አነቃቂ ነገር ትወስዳላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ «ቅጠል እኮ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት።

ቀጥሎ ልብና ደም ግፊት። ከዚያ የቤተሰብ ጥያቄ ይመጣል፦ እናንተ ወይም የሥጋ ዘመዳችሁ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር የሚባሉት የአእምሮ ሕመሞች ነበሩባችሁ? መልሱ አዎ ከሆነ ጉዞው ይቅርባችሁ። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። አጎታችን ለዓመታት «ትንሽ አሞት ነበር» ተብሎ ታልፎ ይሆናል። እስኪ እናታችሁ ጋ ደውሉ። ቡና ስትጠጣ ብትሆን ይመረጣል፣ ያኔ ታወራለች።

ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ «ኑ፣ ቦታ አለ» የሚላችሁ ካምፕ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

(ምስል፦ አጎበር የተዘረጋበት አልጋ፤ ሳህን ላይ ሩዝና የተቀቀለ ሙዝ)

ከመጠጣቱ በፊት ዲየታ የሚባል ሥርዓት አለ። የአሳማ ሥጋ፣ አልኮል፣ ወሲብ የለም። ብዙ ቦታ ጨውና ስኳርም ይቀራል። አንዳንድ ቦታ ስልክም ይሰበሰባል። ሱባዔ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

(ምስል፦ ጨለማ። የአንድ ሲጋራ ፍም ብቻ)

ማታ ማሎካ በሚባለው ክብ የእንጨት ቤት ውስጥ ሁሉም ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። በየሰዉ አጠገብ ባልዲ አለ። ባህላዊው ሐኪም ማፓቾ የሚሉትን ኃይለኛ ትምባሆ ያጨሳል፣ ጽዋው ላይ እፍ ይላል። አንድ በአንድ ይጠራሉ። የሚጠጣው ትንሽ ነው፣ ከቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። ምሬቱን በአማርኛ ቢያወሩት ኖሮ ኮሶ ባሉት ነበር።

መብራት ይጠፋል። ሲቆይ፣ አንዳንዱ በ20 ደቂቃ፣ አንዳንዱ በሰዓት ውስጥ፣ ይጀምረዋል። ያኔ ሐኪሙ ኢካሮ የሚባለውን ዜማ ያነሳል። የአማዞን ነባር ሕዝብ የሆኑት ሺፒቦዎች መድኃኒቱ መጠጡ ብቻ ሳይሆን ዜማውም ነው ይላሉ። ከጥግ የሚያስመልስ ሰው ድምፅ ይሰማል። ማስመለሱን «ላ ፑርጋ» ነው የሚሉት፣ ማጽጃ እንደማለት፤ ማንም አያፍርበትም። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ንጋት መቼ ነው እያለ ሰዓት ይቆጥራል። እንዲህ 4 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

የጠጣ ሰው በዚያ ሰዓት ራሱን መከላከል አይችልም። በየጊዜው ከወጡት ክሶች መካከል በጨለማው ውስጥ ሴቶች ላይ የተፈጸመ ጾታዊ ጥቃት አለ። ስለዚህ እናንተም ጠይቁ። ያልጠጣ አስተናጋጅ ይኖራል? ሴት አስተናጋጅስ? ክሊኒኩ በጀልባ ስንት ደቂቃ ነው? ድስቱ ውስጥ ቶኤ ገብቷል? ቶኤ የእኛው አስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱ ከተጨመረበት ነገሩ ሌላ ነው።

(ምስል፦ የሆስፒታል ክፍል)

«ታዲያ ያድናል?» እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የብራዚል ጥናት አለ። ሌላ መድኃኒት አልሠራላቸው ያለ 29 የድብርት ሕሙማንን ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ አያዋስካ፣ ለሌሎቹ የማስመሰያ መጠጥ። ማስመሰያውንም እንዳይታወቅ መጥፎ ጣዕም እንዲኖረው፣ ሆድም እንዲያውክ አድርገው ነው የሠሩት፤ ይህ ብልሃታቸው ደስ ይለኛል። በ7ኛው ቀን ከጠጡት 64 በመቶው፣ ከማስመሰያው ቡድን ደግሞ 27 በመቶው በጉልህ ተሽሏቸው ነበር። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። ደግሞ የጠጡት ተመርምረውና ተመርጠው፣ ሐኪም አጠገባቸው ቆሞ ነው። ያንን ውጤት ጫካ ውስጥ ላለ ለማንኛውም ድስት ማስታወቂያ ማድረግ አይቻልም።

(ምስል፦ የኢኪቶስ ገበያ፤ ጠርሙሶች በረድፍ)

ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2008 የአያዋስካን ባህላዊ ዕውቀትና አጠቃቀም ብሔራዊ ቅርስ አድርጋ መዝግባለች። እዚያ ሕጋዊ ነው። ዲኤምቲ ግን እ.ኤ.አ. በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ነገሮች አንዱ ነው። አሜሪካም ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈቀደው ለሥርዓተ አምልኮው ለሚጠቀም አንድ ሃይማኖታዊ ማኅበር ነበር። መጠጡን ይዞ በዱባይ ወይም በዶሃ አድርጎ ለሚመለስ ሰውማ ነገሩ የከፋ ነው።

በመጨረሻው ጠዋት ዲየታው በጨው ይፈታል፤ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ሎሚ። ከዚያ ጀልባ፣ ከጀልባው ባለሦስት እግሩ ሞተር። አየር ማረፊያው ከመድረሳችሁ በፊት ምናልባት አንዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቡናማ ፈሳሽ ይዞ «ለአገር ቤት?» ይላችኋል። አመስግናችሁ እለፉት።