ልትተኙ ስትሉ ትንፋሽ ያጥራችኋል? አየር አንሷችሁ ላይሆን ይችላል

መብራት ጠፍቷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ጋደም ብላችኋል። ልክ ሸለብ ሊያደርጋችሁ ሲል ደረታችሁን የሆነ ነገር ጭምድድ ያደርገዋል። አየር ትስባላችሁ፣ ይገባል፣ ግን አልሞላ ይላል። ደግማችሁ በሀይል ትስባላችሁ፣ ታዛጋላችሁ፣ ተነስታችሁ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ልብ ድው ድው፣ የጣት ጫፍና ከንፈር አካባቢ ድንዝዝ፣ እና ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሀሳብ ብቻ ይቀራል፦ እንቅልፍ ከወሰደኝ ትንፋሼ ቀጥ ይላል።

በመጀመሪያ ስሜቱ የውሸት አይደለም፣ "አካበድሽው" የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ግን ጭንቀት ያመጣው ከሆነ ምክንያቱ ከምታስቡት ተቃራኒ ነው። ብዙ ጊዜ አየር አንሷችሁ ሳይሆን በዝቶባችሁ ነው።

(ስክሪን ላይ፦ የአንጎል ግንድና የሳንባ ስዕል)

እንዴት መሰላችሁ፣ ተንፍስ ብሎ የሚያዘን ኦክስጅን ይመስለናል አይደል? በአብዛኛው የሚያዘው ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። የአንጎል ግንድ ደም ውስጥ ያለውን ካርቦንዳይኦክሳይድ ሲከታተል ይውላል፣ ከፍ ሲል ቶሎ ቶሎ ያስተነፍሳል ዝቅ ሲል ያቀዘቅዛል። ጤነኛ አዋቂ ሰው አረፍ ብሎ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ስንጨነቅ ከዛ እናልፋለን፣ ወይ ደግሞ ቁጥሩ ሳይጨምር እያንዳንዱን ትንፋሽ እናገዝፈዋለን፣ ያኔ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ከሚገባው በላይ ተጠርጎ ይወጣል። እሱ ሲያንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ስሮች ይጠባሉ፣ ማዞሩ ከዛ ነው የሚመጣው። ነርቮችም ይቆጣሉ፣ የጣቱ መደንዘዝ ደግሞ ከዛ ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ኦክስጅናችሁ ደህና ነው! ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ የገዛችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው እያላችሁ ማሽኑ 95 ምናምን ይላል። (አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነች ቁጥሩ ቆላ ካለ ሰው ትንሽ ዝቅ ቢል አይግረማችሁ። ደግሞ በየአምስት ደቂቃው አትለኩ፣ እሱ ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው።)

እሺ ለምን ማታ? ቀን ስንነቃ መተንፈስን የሚያግዝ የመንቃት ግፊት የሚባል ነገር አለ። እንቅልፍ ሲጀምር እሱ ይለቃል፣ ትንፋሹ ለካርቦንዳይኦክሳይዱ ብቻ ይተዋል። እናንተ ግን ለግማሽ ሰአት በሀይል ስትስቡ ቆይታችሁ አውጥታችሁ ጨርሳችሁታል፣ ስለዚህ አንጎል "ለጥቂት ሰከንድ መተንፈስ አያስፈልግም" ብሎ ዝም ይላል። እናንተ ደግሞ ነቅታችሁ ስትጠብቁት የነበረው እሷኑ ዝምታ ነው! ብድግ ትላላችሁ፣ "አላልኩም?"፣ ከዛ እንደገና በሀይል መሳብ። አዙሪት ነው። ደህና ሰው ላይም እንቅልፍ ሲጀምር ትንፋሽ ትንሽ ይዛባል፣ ልዩነቱ እሱ አይከታተለውም።

ዶናልድ ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. በ1993 ፓኒክን (ድንገት የሚመጣውን ከባድ የፍርሀት ማዕበል ማለት ነው) "ታፈንኩ" የሚል የሀሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ነበር፣ ሁሉም ተመራማሪ አልተቀበለውም ግን እኔ ነገሩን የሚገልጸው ይመስለኛል። ጥላ አይቶ የሚጮህ ውሻ በሉት፣ ውሻው ጤነኛ ነው፣ ሌባ ግን የለም።

ቡናውንም እናንሳው፣ እንዳትጠሉኝ። ከሰአት 10 ሰአት ላይ የጠጣችሁት ቡና ካፌይኑ ብዙ ሰው ላይ እስከ ማታ 3 ሰአት ገና ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ ነው። አቦል ቶና በረካ ጨርሶ በጊዜ ልተኛ ማለት ከባድ ነው። ጫትም እንደዛው።

ምን ይደረግ ካላችሁ፣ "በጥልቀት ተንፍስ" የሚለው ምክር እዚህ ጋ ያናድደኛል። በጥልቀት እየሳበ የተቸገረን ሰው ጨምር ማለት ነው። ቁም ነገሩ ማውጣቱ ላይ ነው። አፍ ዝግ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ፣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ትንሽ ብቻ ሳቡ፣ እጁ ከፍ ይበል ደረት አይነሳ፣ ከዛ እስከ 6 እየቆጠራችሁ በቀስታ አውጡ። መጀመሪያ ላይ አየር ያነሰ ይመስላል፣ ይጨንቃል፣ ያ ካርቦንዳይኦክሳይዱ እየተመለሰ ስለሆነ ታገሱት። በግድ ለማዛጋትም አትሞክሩ። ፓኒክ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ ይጀምራል። ካልሆነ ተነስታችሁ ደብዘዝ ባለ መብራት ቁጭ በሉ፣ አልጋው ላይ አትታገሉ። ፌስታል ወይ የወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚባለውን ግን እርሱት፣ ነገሩ አስም ወይ ልብ ከሆነ ይጎዳል።

አሁን ዋናው። ሁሉንም "ጭንቀት ነው" ብላችሁ አትለፉ። በጀርባ ስትተኙ የሚያፍናችሁ ትራስ ስትደርቡ ቀለል የሚላችሁ፣ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ በኋላ ታፍናችሁ የምትነቁ፣ እግራችሁ የሚያብጥ ከሆነ ልብ ይታይ። እኛ ሀገር በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ህመም የሚመጣ የልብ ቫልቭ በሽታ ወጣቱንም ስለሚይዝ "ገና ልጅ ነኝ" አይሰራም። ወደ ንጋት ላይ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽና ሳል ካለ አስም ነው የሚጠረጠረው። በሀይል እያንኮራፋችሁ ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥላችሁም ታዩ። ጨጓራም ተኝታችሁ አሲዱ ወደ ላይ ሲመጣ ደረት ያፍናል። የደረት ህመም ወይ የከንፈር መጥቆር ካለ ግን ቀጠሮ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል።

እና ከሰል! ቡና ተፈልቶ ምድጃው እዛው ክፍል ቀርቶ በር ተዘግቶ ከተተኛ፣ ራስ ምታት ማቅለሽለሽ መድከም ካለ እሱ ጭንቀት አይደለም፣ ከከሰሉ የሚወጣ ካርቦንሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፣ ይገድላል። ወዲያው ውጡ፣ የተኛም ካለ አውጡ፣ ከዛ ሀኪም ቤት።

ቤተሰብ "ዱካክ ነው፣ ጸበል ውሰዷት" ሊል ይችላል። ጸበሉን ሂዱ፣ ምርመራውን ግን አትዝለሉት። ምርመራው ነጻ ካላችሁ ለፓኒክ የሚሰራ የንግግር ህክምና አለ፣ ሲያስፈልግም መድሀኒት። "አማኑኤል ሄደች" ይሉኛል ብላችሁ የምትፈሩ፣ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ውስጥ የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ። ሀኪሙ ጋ ስትገቡ ከ"ትንፋሽ ያጥረኛል" አልፋችሁ መቼ እንደሚጀምራችሁ፣ ስትቀመጡ ይተዋችሁ እንደሆነ፣ ደረጃ ስትወጡስ እንደሚያጥራችሁ ንገሩት። ሶስት ፎቅ በደህና ወጥታችሁ አልጋ ላይ ብቻ የሚያጥራችሁ ከሆነ ለሱ ትልቅ ፍንጭ ነው።