የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የኩላሊት ለጋሽ ተገኝቶ ሳለ የልጄ ፊኛ ለምን ይመረመራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምደውለው ከአዳማ ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ሲወለድ የሽንት መውጫው በቀጭን ሥጋ ተጋርዶ ስለነበር ያኔውኑ በኦፕሬሽን ተከፈተለት። አሁን ኩላሊቶቹ ደክመው ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ተባልን። አባቱ ሊለግሰው ምርመራውን ጨርሷል። ሐኪሞቹ ግን «ፊኛው ሳይታይ አይሆንም» ብለው አቆዩን። የታመመው ኩላሊቱ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጠበቁ እንደሚያስጨንቅዎ ይገባኛል፤ ሐኪሞቹ ግን ልክ ናቸው። የልጅዎን ኩላሊቶች የጎዳው ከታች የመጣ ግፊት ነው። ገና በማህፀንዎ ሳለ ፊኛው በተጋረደው መውጫ ሽንት ለማስወጣት ሲታገል ግድግዳው ወፈረ፣ ደነደነ። ሥጋው ተቆርጧል፤ የደነደነው ፊኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደደነደነ ይቀራል። ሽንት ሲጠራቀምበት አይለጠጥም፤ ግፊቱ ወደ ላይ ይመለሳል። የአባቱ ኩላሊት ደግሞ የሚገጠመው ከዚሁ ፊኛ ጋር ነው። ሁለቱን ያደከመው ግፊት ካልተስተካከለ ሦስተኛውንም ያደክመዋል።

ምርመራው ከቤት ይጀምራል። ለ2 ወይም ለ3 ቀን ስንት ጊዜ እንደሸና፣ በየጊዜው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ፣ ሌሊት ያመልጠው እንደሆነ ይጻፉ። የሆድ ድርቀት ካለበትም ይናገሩ፤ የተጠራቀመ ሰገራ ፊኛን ይጫናል፣ ወላጆች ግን ከሽንት ጋር ስለማያያይዙት አይነግሩንም። የልጅ ፊኛ ስንት መያዝ እንዳለበት ለመገመት ዕድሜው ላይ 2 ደምረን በ30 እናባዛለን፤ ለእርስዎ ልጅ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። ከዚያ ሳይሸናና ከሸና በኋላ አልትራሳውንድ ይታያል። በቀጭን ቱቦ ፊኛው ቀለም ተሞልቶ ራጅ ይነሳል፤ ሽንት ወደ ኩላሊት የሚመለስ ከሆነ፣ ከሥጋውም የቀረ ካለ በዚህ ይታወቃል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ዋናው ግን ዩሮዳይናሚክስ ነው፤ ፊኛው ሲሞላ ግፊቱ ይለካል። ከ40 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ እየወጣ የሚቆይ ግፊት ለኩላሊት አደገኛ ነው።

ግፊቱ ከፍ ካለ መጀመሪያ ፊኛውን የሚያላላ መድኃኒት ይሞከራል፤ ሽንቱ ካላለቀለት በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ በካቴተር፣ ማለትም ፊኛው ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ማውጣት ይለመዳል። ይህ ካልበቃ ከአንጀት ቁራጭ ተወስዶ ይጨመርበትና ፊኛው ሰፊ እንዲሆን ይደረጋል። በሽንት መውጫው ካቴተር ማስገባት ለሚያመው ልጅ በራሱ ትርፍ አንጀት ከእምብርት ወደ ፊኛ የሚወስድ፣ ካቴተሩ የሚገባበት ቀጭን መተላለፊያ ይሠራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ በሌላ ምክንያት ሆዱ ቢከፈት፣ ትርፍ አንጀቱ ደህና ከሆነ «እግረ መንገዳችንን እናውጣው» መባል የለበትም፤ አስቀድመው ለቀዶ ሐኪሙ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ እጥበት ላይ ናት፤ ሽንት ከቆመባት 2 ዓመት ሆኗል። ፊኛዋ ተኮማትሯል አሉን። በቃ በአንጀት ሊያሰፉት ነው?

መልስ፦ አይቸኩሉ ወንድሜ። ሽንት ያልገባበት ፊኛ ይኮማተራል፤ ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ሽንቷ ሳይቆም በፊት እንዴት ትሸና ነበር የሚለው ነው። ያኔ ደህና ከነበረ፣ አዲሱ ኩላሊት ሽንት ሲያመነጭ ፊኛው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይለጠጣል። ደረቅ ፊኛን በአንጀት ማስፋት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ አንጀቱ ንፍጥ ያመነጫል፣ የሚያጥበው ሽንት ስለሌለ በየጊዜው በውሃ መታጠብ አለበት። የድሮ ወረቀቶቿን ሁሉ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹ ኩላሊቶችስ ይወጣሉ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይነኩም፤ አዲሱ ከታች ሆድ ላይ ይቀመጣል። የሚወጡት ኢንፌክሽን ሲደጋገም፣ የደም ግፊት በመድኃኒት እምቢ ሲል፣ ወይም ሽንትና ፕሮቲን ከመጠን በላይ ሲያፈሱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የመጀመሪያዋ ደዋይ ነኝ፣ ከአዳማ። ካቴተር ከተባለ ትምህርት ቤት እንዴት ይሆንለታል?

መልስ፦ ይሆንለታል። የ8 ዓመት ልጅ በራሱ እጅ ይማረዋል፤ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ካቴተር፣ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። ንቅለ ተከላው ሳይደረግ በፊት ይልመደው፤ ቁስል ላይ ሆኖ መማር ከባድ ነው። ከኩላሊቱ በኋላም እንደሚቀጥል አሁኑኑ ይንገሩት። አንድ የሚታመን መምህር ይወቅለት፣ የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤትም ይፈቀድለት።